በቆዳ ላይ የሚነበብ ነገር አለን?

«ገጽ» የሚለው ቃል በግእዝ ፊት ማለት ነው። በአማርኛችን ደግሞ ይኸው ቃል የመጽሐፍን ቅጠል አንዱን ወገን ይጠራልናል። ልብ ወለድ የሚደርሱ ጸሐፊዎቻችንም የሚፈጥሯቸውን ሰዎች «ገጸ ባሕርያት» ይሏቸዋል። ቃሉ ከሰው ፊት ወደ መጽሐፍ የተሻገረበትን መንገድ መመርመር የቋንቋ ሊቃውንት ድርሻ ነው። ለእኛ ግን የሁለቱ ትርጉሞች ጎን ለጎን መቀመጥ አንድ የቆየ የሰው ልጅ ልማድ ያስታውሰናል፤ ይኸውም ፊትን እንደ መጽሐፍ የማንበብ ልማድ ነው። በዚህም ልማድ የተነሣ አንድ ሕፃን በጉንጩ ወይም በግንባሩ ላይ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ምልክት ይዞ ሲወለድ፣ ገና ስም ሳይወጣለት አንባቢው በዙሪያው ይሰበሰባል። ማን ጻፈው? ስለ ምን ጻፈው? በማን ጥፋት ተጻፈ? የሚሉት ጥያቄዎች ጮክ ተብለው ባይነገሩም እንኳ ከአራሷ ጆሮ አይርቁም።

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባታችን በፊት ምልክቶቹን ራሳቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። በቆዳ ላይ ከሚታዩት የልደት ምልክቶች ብዙዎቹ ቡናማ ወይም ጥቁር ናቸው፤ የእነዚህ መንሥኤ ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። እዚህ የምንነጋገርባቸው ግን ቀለማቸውን ከደም ያገኙ፣ ማለት ከቆዳ በታች ባሉት የደም ሥሮች አፈጣጠር ወይም አስተዳደግ ምክንያት የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። ከእነዚህም በጣም የተለመደው በአራስ ልጅ ግንባር፣ በዐይን ቆቡ ወይም በማጅራቱ ላይ የሚገኘው ፈዘዝ ያለ ቀይ ምልክት ነው። የፊቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ይጠፋል። የማጅራቱ ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል፤ ፀጉር ስለሚሸፍነው ግን ባለቤቱ ሳያውቀው ኖሮ ሳያውቀው ያልፋል። ስለዚህኛው ብዙ የሚባል የለም።

ብዙ የሚያነጋግሩት ሁለቱ ናቸው። አንደኛው ሄማንጂዮማ የሚባለው ነው። ከመቶ ሕፃናት በአራቱ ወይም በአምስቱ ላይ ይታያል፤ በሴቶች ልጆችና ያለ ጊዜያቸው በተወለዱት ላይ ይበዛል። ሕፃኑ ሲወለድ ምልክቱ ወይ ጨርሶ የለም ወይ ከነጥብ አይበልጥም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን እንደ እሳት ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሰፋል። አብዛኛውን እድገቱን በ5 ወር ውስጥ ይጨርስና ከዓመት በኋላ ቀስ በቀስ እየደበዘዘና እየሟሸሸ ይሄዳል። ሁለተኛው ከ1000 ሕፃናት በ3ቱ ላይ የሚገኘው ነው። ፈረንጆች በፖርቱጋል ወይን ስም ይጠሩታል፤ እኛም የዚያን ቀለም ስም ከጥንት ጀምሮ «ወይን ጠጅ» ብለን ስለምንጠራው፣ ምልክቱን የወይን ጠጅ ምልክት ብንለው ከቋንቋችን ባሕርይ አንወጣም። ይህ ከልደት ቀን ጀምሮ ያለ፣ ለጥ ያለና ጠርዙ የለየ ነው፤ ከልጁ ጋር አብሮ ያድጋል እንጂ አይጠፋም። ዕድሜ በገፋ ቁጥር እየጠቆረ፣ አንዳንድ ጊዜም እየወፈረና እየጎረበጠ ይመጣል።

እነዚህን ምልክቶች ሕዝቦች በምን ስም እንደሚጠሯቸው ማየት ብዙ ያስተምራል። የጣልያን ሕዝብ የልደት ምልክትን «ቮልያ» ይለዋል፤ ፈረንሳዩ «አንቪ»፣ እስፓኙ «አንቶሆ»፣ ዐረቡ «ወሕማ» ይለዋል። አራቱም ቃላት አምሮት ማለት ናቸው። ነፍሰ ጡሯ አምሯት ያጣችው ምግብ በልጇ ቆዳ ላይ ታተመ መሆኑ ነው። በእኛም ዘንድ የነፍሰ ጡርን አምሮት መንፈግ እንደ ነውር የሚቆጠር ሲሆን፣ በዚህ ጥንቃቄ ውስጥ ርኅራኄው ከፍርሃቱ ጋር ተጋምዶ ይገኛል። ጀርመኖች ደግሞ የማጅራቱን ምልክት «የሽመላ ንክሻ» ይሉታል፤ በተረታቸው ሕፃናትን ለወላጆች አምጥታ የምታስረክበው ሽመላ ናትና፣ በአፏ አንጠልጥላ ስታመጣው የያዘችበት ቦታ ነው ማለታቸው ነው። አማርኛ ተናጋሪው ግን ከሁሉ በተለየ ሁኔታ የልደትን ምልክት «ማርያም የሳመችው» ይለዋል።

ይህ ስም ጨዋ ስም ነው። በእናቲቱ ላይ ክስ አይመሠርትም፣ ልጁንም ከጉድለት ይልቅ የተለየ ጸጋ እንዳለው አድርጎ ያቀርበዋል። ይሁንና ልብ ያለው ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አያልፍም። ስሙ የሚነገረው ምልክቱ በክንድ ወይም በአንገት ላይ ሆኖ ትንሽ ሲሆን ነው። የግማሽ ፊት ስፋት ያለው ወይን ጠጅ ሲሆን የመሳሙ ነገር ከተናጋሪው አፍ ይጠፋና በምትኩ «እግዜር ይማረው» ይመጣል። ያው አንዱ ነገር እንደ ስፋቱ መጠን አንዴ ስጦታ፣ አንዴ መዓት ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ ስሙ ከሚጠራው ነገር ይልቅ የጠሪውን ስሜት እንደሚገልጽ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የእናት ዐይንና የእናት ምኞት በልጅ ገላ ላይ ይታተማል የሚለው እምነት ከጽሑፍ ጋር ያለው ዝምድና በጣም የቆየ ነው። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ምዕተ ዓመት ሄሊዮዶሮስ የተባለው የግሪክ ደራሲ «ኢትዮጵያዊ ታሪክ» የተሰኘ ረጅም ልብ ወለድ ጽፎ ነበር። ደራሲው ኢትዮጵያ የሚላት መናገሻዋ መርዌ የሆነችውን የዓባይ ሸለቆ አገር ነው። በታሪኩ ውስጥ ጥቁሯ ንግሥት ፐርሲና በፀነሰችበት ሰዓት የነጯን የአንድሮሜዳን ሥዕል በማየቷ ነጭ ልጅ ትወልዳለች። ባሏ በዝሙት እንዳይጠረጥራት ፈርታም አራስ ልጇን ታስጥላለች፤ የሆነውን ሁሉ በኢትዮጵያ ፊደል በጥብጣብ ላይ ጽፋ ከሕፃኗ ጋር ታስቀምጣለች። በመጨረሻው ክፍል ልጅቱ ካሪክሌያ አድጋ በንጉሡ ፊት ስትቆም ማንነቷ ከሚረጋገጥባቸው ነገሮች አንዱ በነጭ ክንዷ ላይ እንደ ዞጲ ቀለበት የተጠመጠመው ጥቁር የልደት ምልክት ነው።

ይህ ምልክት የሜላኒን እንጂ የደም ሥር አይደለም፤ ታሪኩም ልብ ወለድ ነው። ነገር ግን ለጥያቄያችን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ደራሲው በልጅቱ ቆዳ ላይ ሁለት ጽሑፎች አስነብቦናል። አንደኛው እናትን የሚያስከስስ ነው፤ ሁለተኛው ልጅን ለወላጆቿ የሚመልስ ነው። ከዚያ ወዲህ የተጻፉ ስንት ተረቶችና ድራማዎች በጠፋ ልጅ ገላ ላይ በተገኘ ምልክት እንደ ተቋጩ የማያውቅ አንባቢ የለም። የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ምልክትን የምንወደው ሥራችንን ስለሚያቀልልን ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ ክፉ መሆኑን በድርጊቱ ለማሳየት ብዙ ገጾች ያስፈልጉናል፤ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ብናደርግበት ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር እንገላገላለን። ይህ የብዕር ስንፍና ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ደራሲው አይደለም።

እምነቱ በሐኪሞች መካከልም ጸንቶ የኖረ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ዳንኤል ተርነር በ1714 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስለ ቆዳ በሽታዎች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የእናት ሐሳብ በፅንስ ላይ ምልክት ያወጣል ብሎ ጽፏል። በ1727 ደግሞ ጄምስ ብሎንደል የተባለው በለንደን የሚኖር ሐኪም ይህን አሳብ የሚያፈርስ ጽሑፍ ስሙን ሳይገልጽ አወጣ። ብሎንደል የተከራከረው በቀላል ማስረጃ ነው። የደነገጡና ያማራቸው እናቶች እልፍ ናቸው፤ ምልክት ይዘው የሚወለዱት ግን ጥቂቶች ናቸው። የፅንሱ ገላም የእናቱን ሐሳብ የሚቀበልበት መንገድ የለውም። ከዚህም አልፎ እምነቱ በሴቶች ላይ የሚጭነውን ፍርሃትና ነቀፌታ ሳያነሣ አላለፈም። የሁለቱ ክርክር ለዓመታት ቀጥሏል። ብሎንደል ለምልክቱ ሌላ መንሥኤ ሊያሳይ አልቻለም ነበር፤ ሐሰቱን ሐሰት ነው ለማለት ግን እውነቱን እስኪያገኝ አልጠበቀም። ይህን በመሰለ ጉዳይ ላይ መጠበቅ ራሱ ከከሳሾች ጋር መቆም ነበርና፣ በዚህ ረገድ ሊመሰገን ይገባል።

መንሥኤው የተገኘው በ2013 ነው። በዚያ ዓመት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የወይን ጠጅ ምልክት ካላቸው ሰዎች የተወሰደ ቆዳ መርምረው፣ ከ13ቱ ናሙናዎች በ12ቱ ውስጥ ጂኤንኤኪው በተባለው ጂን ላይ አንድ ፊደል ተለውጦ አገኙ። የዘር መልእክት በአራት ኬሚካዊ ፊደላት የሚጻፍ ሲሆን፣ በዚያ ሁሉ ርዝመት ውስጥ በአንዲት ፊደል ቦታ ሌላ ፊደል ገብታለች ማለት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ለውጡ የተገኘበት ስፍራ ነው። ለውጡ ያለው ምልክቱ ባለበት ቦታ ብቻ ነው፤ በሰውየው ሌላ የሰውነት ክፍል ውስጥ የለም። ይህም የሚያሳየው ከእናትም ከአባትም ያልተወረሰ መሆኑን ነው። ፅንሱ ከተፈጠረ በኋላ፣ ሕዋሳት እየተከፈሉ በሚባዙበት ጊዜ፣ በአንዲት ሕዋስ ውስጥ የቅጂ ስሕተት ተፈጠረ፤ ከዚያች ሕዋስ የተባዙት ሁሉ ስሕተቷን ይዘው ቀሩ። ተመራማሪዎቹ እንደሚገምቱት ለውጡ ቀደም ብሎ ሲደርስ ከቆዳው ሌላ ዐይንንና የአንጎልን ሽፋን ይነካል፤ ዘግይቶ ሲደርስ በቆዳው ላይ ብቻ ይወሰናል።

ብራና ሲገለብጡ የኖሩት ጸሐፍቶቻችን ግድፈት ምን እንደ ሆነ ጠንቅቀው ያውቃሉ። አንዲት ፊደል ተዘልላ ወይም ተለውጣ ትገባና ከዚያ ቅጂ የሚገለበጡት ሁሉ ይወርሷታል። ምሳሌው ለነገራችን ይስማማል፤ አንድ ልዩነት ግን አለው። በብራናው ግድፈት ጀርባ ዐይኑ የደከመ ወይም ሐሳቡ የተበተነ ሰው አለ። በዚህኛው ግድፈት ጀርባ ግን ማንም የለም። ተቆጪም ተቆጣሪም የሌለበት፣ እናቲቱ ብትበላ ባትበላ፣ ብትደነግጥ ባትደነግጥ የማይቀየር ነገር ነው።

ከዚህ ላይ የሁለት ቃላትን ልዩነት ማስተዋል ይጠቅማል፤ «መንሥኤ» እና «ሰበብ»። መንሥኤ አንድ ነገር እንዴት እንደ ሆነ ይነግረናል። ሰበብ ግን ስለ ማን እንደ ሆነና በማን እንደሚላከክ ይፈልጋል። «ምክንያት» የተባለው ቃላችን ሁለቱንም አቅፎ ስለሚይዝ፣ «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ብለን ስንጠይቅ ከሁለቱ የትኛውን እንደምንፈልግ ራሳችንም ሳናውቀው እንቀራለን። እናት የቆዳ ሐኪሙን «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ስትለው እርሱ ስለ ደም ሥር ይመልስላታል፤ እርሷ ግን የጠየቀችው «ምን አጠፋሁ?» ብላ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን መልስ ሰጥቶ ሁለተኛውን ጥያቄ ያልሰማ ሐኪም ሥራውን በግማሽ ሠርቷል። እንደ እኔ አስተያየት የ2013ቱ ግኝት ትልቁ ፍሬ ገና ወደ ፊት ከሚገኘው መድኃኒት ይልቅ ይህ ነው፤ «ምንም አላጠፋሽም» የሚለውን ቃል እንደ ማጽናኛ ሳይሆን እንደ ሐቅ ለመናገር አስችሎናል።

ስለ ስም ከተነሣ፣ የሐኪሞችም ስም አወጣጥ የራሱን ጉዳት አድርሷል። ለብዙ ዘመናት የሚያድገውም የማያድገውም፣ የሚጠፋውም የማይጠፋውም የደም ሥር ምልክት ሁሉ በአንድነት ሄማንጂዮማ ይባል ነበር። በዚህም ምክንያት የወይን ጠጅ ምልክት ያለበት ልጅ ወላጆች «ጠብቁ፣ ይጠፋል» ተብለው ለማይመጣ ቀን ሲጠብቁ፣ በራሱ ሊጠፋ የነበረውን ደግሞ በቢላዋና በጨረር ያበላሹበት ጊዜ ነበር። በ1982 ሙሊከንና ግሎዋኪ የተባሉት ሁለት የቦስተን ተመራማሪዎች ሕዋሳቱን መርምረው ነገሩን ለሁለት ከፈሉት። አንደኛው የሚባዛና ኋላም የሚከስም እባጭ ነው፤ ሌላው ሲፈጠር ጀምሮ ቅርጹን የሳተ የደም ሥር ነው። በእርግጥ የሠሩት ሥራ ስም ማረም ነበር። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ለወላጅ የሚሰጠው ምክር ተለወጠ።

መጠበቅ የሚያስፈልገውም ቢሆን ሁልጊዜ አይጠበቅም። ዐይን አጠገብ ያበጠ ሄማንጂዮማ የማየት ችሎታን ሊያሳጣ፣ የመተንፈሻ ቧንቧ ውስጥ የበቀለ ሊያንቅ ይችላል። በቦርዶ ከተማ ፈረንሳዊቱ ሐኪም ክርስቲን ሌዎቴ ላብሬዝና ባልደረቦቿ በአፍንጫው ላይ ሄማንጂዮማ የነበረበትን አንድ ሕፃን ለልቡ ሕመም ብለው ፕሮፕራኖሎል የተባለውን የቆየ መድኃኒት ቢሰጡት፣ በማግስቱ እባጩ መለስለስና ቀለሙን መቀየር ጀመረ። ሳይታሰብ የተገኘው ይህ ሕክምና ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። የወይን ጠጅ ምልክትም ግንባርንና የላይኛውን የዐይን ቆብ ሲሸፍን፣ የሚጥል በሽታንና ግላኮማ የተባለውን የዐይን ሕመም አስከትሎ የሚመጣበት ጊዜ ስላለ፣ ሕፃኑ በጊዜ መመርመር አለበት። በ1879 እንግሊዛዊው ሐኪም ስተርጅ የምልክቱንና የሚጥለውን በሽታ ዝምድና ገልጾ ነበር። ሰው በምልክቱ ውስጥ እርግማን ሲያነብ ሊነበብ የሚገባው እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ሳይነበብ ያልፋል፤ አጉል ትርጓሜ ከሚያደርሰው ጉዳት የከፋው ይህ ይመስለኛል። እርግማን ወደ ጠበል እንጂ ወደ ዐይን ሐኪም አያስኬድምና። ጠበሉ ለእምነቱ ባለቤት ይሁንለት፤ የዐይኑ ምርመራ ግን ቀጠሮ አይሰጥም።

በአገራችን የዚህን ነገር ክብደት ለመረዳት የሥጋ ደዌን ታሪክ ማስታወስ ያሻል። በቆዳ ላይ የወጣ ምልክት ሰውን ከቤቱ፣ ከትዳሩና ከርስቱ የሚያስወጣበት ዘመን ሩቅ አይደለም። በ1965 በአዲስ አበባ ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል በተሠራበት አካባቢ ብዙ ሕሙማን ሰፍረው የቀሩት ወደ መጡበት መመለስ ስለማይችሉ ነበር። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በኖርዌያዊው ሐንሰን ከተገኘ ከ1873 ወዲህ፣ በሽታው የዘር እርግማን አለመሆኑ ይታወቃል፤ ዛሬም በመድኃኒት ይድናል። የደም ሥር ምልክት ደግሞ ጨርሶ ተላላፊ አይደለም። የሥጋ ደዌ ምልክት መንካት ሲደነዝዝበት፣ ይህኛው እንደ ማንኛውም ቆዳ መንካትን ይሰማል። የሚፈራ ዐይን ግን ይህን አይለይም። ግሪኮች ባሪያንና ወንጀለኛን በገላው ላይ ወግተውና ተኩሰው የሚያኖሩበትን ምልክት «ስቲግማ» ይሉት ነበር። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ኤርቪንግ ጎፍማን በ1963 በዚሁ ቃል በሰየመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ ነውሩ ከምልክቱ ውስጥ የሚገኝ አይደለም፤ በባለ ምልክቱና በተመልካቹ መካከል በሚሆነው ነገር ውስጥ ነው የሚገኘው።

የሥዕል ጥበባችን በዚህ ጉዳይ አንድ የሚነግረን ነገር አለ። በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን አሳሳል ጻድቃንና መላእክት በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዐይን ይሣላሉ። ይሁዳ፣ ሰይጣንና አሳዳጆች ግን በጎን፣ በአንድ ዐይን ይሣላሉ። ሙሉ ፊቱን የሰጠ ሰው ይታመናል፤ ግማሹን የደበቀ ይጠረጠራል። እንግዲህ በግራ ጉንጩ ላይ ወይን ጠጅ ምልክት ያለበት ሰው ወደ ፎቶግራፍ ቤት ሲገባ ምን እንደሚያደርግ እናስብ። ቀኝ ጉንጩን ያዞራል። ፎቶ አንሺውም ሳይጠየቅ መብራቱን ወደዚያ ያዞርለታል። ይህ ሰው አንዳች ክፋት ሳይሠራ፣ ተመልካቹን ላለማስደንገጥ ሲል ብቻ፣ ሥዕላችን ለክፉዎች በለየው አቋቋም ይቆማል። ከፎቶ ቤቱ ከወጣ በኋላም በአውቶቡስ ወንበር ሲመርጥ፣ በግብዣ ላይ ሲቀመጥ፣ ከወዳጁ ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ ይህንኑ ያደርጋል። በየዕለቱ የሚከፈል ይህን የመሰለ ግብር የሚጥል ሕግ በየትም አገር አልወጣም።

ኃያላንም ከዚህ ግብር አላመለጡም። ሚካኤል ጎርባቾቭ በመጋቢት 1985 የሶቪየት ኅብረት ኮሙኒስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ሲሆኑ፣ በየአደባባዩ በተሰቀሉት የመጀመሪያዎቹ ኦፊሴላዊ ፎቶግራፎቻቸው ላይ በራሳቸው ላይ ያለው የወይን ጠጅ ምልክት ተፍቆ ነበር። በቴሌቪዥን ሰውየው ከነምልክታቸው ይታያሉ፤ በግድግዳው ላይ ግን ምልክቱ የለም። ምልክቱን የፋቀው እጅ አክብሮት ያሳየ መስሎት ይሆናል፤ ያሳየው ግን የአንድ መንግሥት ሥልጣን በሰው ቆዳ ላይ ያለችን ጥቂት ቀለም እንደሚፈራ ነበር።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ምልክቱን ተውት፣ አትንኩት ወደሚል መደምደሚያ የሚያደርስ ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። አሜሪካዊው ደራሲ ናትናኤል ሆቶርን በ1843 ባሳተመው «የልደት ምልክት» በተሰኘው አጭር ልብ ወለድ፣ አንድ የሳይንስ ሰው በውብ ሚስቱ ጉንጭ ላይ ያለችውን የእጅ ቅርጽ ያላትን ቀይ ምልክት ካላጠፋሁ ብሎ መድኃኒት ያጠጣታል፤ ምልክቷ ጠፋች፣ ሴትዮዋም ሞተች። ታሪኩ ፍጹምነትን የማሳደድን አደጋ በሚገባ ያሳያል። ነገር ግን ሆቶርንም ምልክቷን ከማንበብ አልተመለሰም። የሰውን ሟችነት ማኅተም አደረጋት እንጂ ጥቂት የሰፉ የደም ሥሮች አድርጎ አልተዋትም። ባሏ ያጠፋው ምልክቷን ለማስለቀቅ መሞከሩ አይመስለኝም። ሚስቱ ስለ ምልክቷ አስባ የማታውቀውን እርሱ በዐይኑ አስተማራት፤ በራሷ ፊት እስክታፍር ድረስ ተመለከታት። ጥፋቱ የተፈጸመው መድኃኒቱ ከመቀመሙ አስቀድሞ ነው።

ዛሬ መድኃኒቱ አይገድልም። በ1983 አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉት ሁለት ተመራማሪዎች፣ የደምን ቀይ ንጥረ ነገር ብቻ መርጦ የሚመታና ዙሪያውን ሳያቃጥል የሚያበቃ የሌዘር ብርሃን እንዴት እንደሚገኝ የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጡ፤ የወይን ጠጅ ምልክት ሕክምናም ከዚያ ተነሥቶ አደገ። ሕክምናው ብዙ ጊዜ መመላለስን የሚጠይቅ ሲሆን፣ በአብዛኛው ምልክቱን ያደበዝዛል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋም። ቀድሞ በጨቅላነት ሲጀመር ደግሞ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። እውነተኛው የሞራል ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። የገዛ ፊቱ ጉዳይ ነውና ልጁ አድጎ ራሱ ይወስን የሚሉ አሉ። አሳቡ ክብርን የተመላ ነው፤ ግን ጊዜ ቆሞ አይጠብቅም። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው የሚጠየቀው ስለ ሌላ ቆዳ፣ ስለ ጠቆረና ስለ ወፈረ ቆዳ ነው። ወላጅ መወሰንን ቢተውም ያው ወስኗል። እኔ የማከምን ወገን እመርጣለሁ፤ ሆኖም በአንድ ነገር ላይ ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። ሕክምናው ለልጁ «ከመጥፎ ነገር ልናድንህ ነው» ተብሎ መነገር የለበትም። ካልተሳካስ? በግማሽ ቀርቶ ቢያድርስ? ያን ጊዜ በፊቱ ላይ የቀረው መጥፎው ነገር ነው ማለት ነው።

በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። የሌዘሩ ብርሃን ወደ ደም ሥሩ ከመድረሱ በፊት ሜላኒን ያገኘዋል፤ ሜላኒንም ብርሃኑን ይቀበላል። ስለዚህ በጥቁር ቆዳ ላይ መሣሪያው በጥንቃቄ ካልተመጠነ ሊያቃጥል፣ ቆዳውን ሊያነጣ ወይም ሊያጠቁር ይችላል። ምልክቱም ራሱ በጠይም ፊት ላይ ጥቁር ቡናማ ወይም ሐምራዊ መስሎ ስለሚታይ፣ በነጭ ቆዳ ፎቶግራፎች የተሞላውን መማሪያ ያጠና ሐኪም ሳያውቀው ሊያልፈው ይችላል። እዚህም ላይ ያው የማንበብ ነገር ነው፤ መጽሐፉ የሌሎችን ገጽ ብቻ ሲያስነብብ የኖረ ነው። የጥቁር ሕፃናትን ቆዳ በልኩ የሚያሳይ የሥዕልና የፎቶግራፍ መድበል ማዘጋጀት የሐኪም ብቻ ሥራ ስላልሆነ፣ ይህን መጽሔት ለሚያነቡ ሠዓልያንና ፎቶግራፍ አንሺዎች ጭምር የተተወ ሥራ ነው ብል ከቦታዬ የወጣሁ አይመስለኝም።

አማርኛችን ሰውን አለመቀበልን «ፊት መንሣት» ይለዋል። አስተውለን ብናየው የነሣነው የራሳችንን ፊት ነው፤ ስናዞረው ሌላው የሚያጣው የእርሱን ሳይሆን የእኛን ነው። ትልልቆቹ ይህን በጨዋነት ስም እናደርገዋለን። ምልክት ያለበትን ሰው ስናገኝ ዐይናችን ወደ ጫማው ይወርዳል ወይም በትከሻው ላይ አልፎ ይሄዳል፣ ስለ አየሩ እናወራለን፣ ከሄደ በኋላ ደግሞ ምን ነክቶት እንደ ሆነ እንጠያየቃለን። ልጆች እንዲህ አያደርጉም። በሰፈር ሜዳ ላይ አዲስ የመጣው ልጅ ፊቱ ግማሹ ወይን ጠጅ ቢሆን ኳሱን የያዘው ልጅ ቀረብ ብሎ አተኩሮ ያየዋል፤ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎም በጣቱ ይጠቁማል። በአቅራቢያው ያለች እናት ደንግጣ ልጇን ልትቆጣ ትነሣለች። ባለ ምልክቱ ልጅ ግን በቤቱ መልሱን የተማረ ከሆነ «የደም ሥር ነው፤ ስወለድም ነበረ» ይለዋል። «ያማል?» «አያምም።» ከዚያ ኳሱ ይለጋል፣ ቡድን ይከፈላል፣ ማን በረኛ ይሁን በሚለው ላይ ጭቅጭቅ ይነሣል።